ቡሬና ጸሐፊዎቿ

ቡሬ የሚል ስም ያለው ስፍራ በኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ብቻ አይደለም። የአማርኛ አንባቢ ስሙን ሲሰማ አስቀድሞ የሚያስበው የጎጃሙን ቡሬ ነው፤ በአሰብ መንገድ ያለው ቡሬም በ1998 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ጊዜ ስሙ ደጋግሞ ተነሥቷል። ሦስተኛዋ፣ የኢሉባቦሯ ቡሬ፣ ከሁለቱ ይልቅ በጥቂት ሰዎች ዘንድ ብቻ የታወቀች ናት። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከመቱ ተነሥቶ፣ በጎሬ በኩል አልፎ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ ደጋውን ከመልቀቁ በፊት የሚያገኛት ከተማ ይህች ናት። በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ቡሬ የሚባለው ከብት ቀለሙ ዥጉርጉር የሆነ ነው። ስሙ ለዚህች ከተማ እንዴት እንደሚስማማ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ያስረዳል።

አገር ጎብኚ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ሲደርስ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «የሚታይ ምን አለ?» የሚል ነው። ጥያቄው ለጎንደር ወይም ለሐረር ሲቀርብ መልሱ ዝግጁ ነው፤ በጎንደር የፋሲል ግንብ፣ በሐረር የጀጎል ቅጥር አለ። ለቡሬ ሲቀርብ ግን ጠያቂው መልስ አጥቶ መንገዱን ይቀጥላል። እንደ ጎንደር ያለ ግንብ፣ እንደ ላሊበላ ያለ ውቅር ቤተ ክርስቲያን የላትምና፤ አውቶቡሱም የሚቆምባት መንገደኛ ለማውረድና ለመጫን ያህል ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ቡሬ ታሪክ የሌላት ከተማ መስላ ትታያለች። ይህ አስተያየት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የመጣው ከጎብኚው ዓይን ብቻ ሳይሆን ስለ አገሩ ከተጻፉት መጻሕፍትም ጭምር ነው። ስለዚህ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ መመርመር ያስፈልጋል።

ከምርመራው በፊት ግን ሚዛኑ መታወቅ ይገባዋል። ቡሬ የገበያ ከተማ ናት። የገበያ ከተማ ታሪክ የሚገኘው በእርሷ በኩል ካለፈው ሰውና ዕቃ ዘንድ ነው። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ጋምቤላ ግን ከ500 ሜትር ብዙም አትበልጥም። ቡሬ የተቀመጠችው በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ዘንድ ነው። ከላይ ቡና፣ ማርና እህል የሚያበቅለው የኦሮሞ ደጋና ወይና ደጋ አለ፤ ከታች ባሮን ተከትሎ የሰፈረው የአኙዋክ አገር፣ ከዚያም ወዲያ የኑዌር አገር አለ። እንግዲህ ስለ ቡሬ የተጻፈ ማናቸውም ጽሑፍ የሚመዘነው ላይኛውንና ታችኛውን አገር በአንድ ዓይን ማየት በመቻሉ ወይም ባለመቻሉ ነው።

ከጸሐፊዎቹ ቀደም ብሎ የሚገኘው የሩሲያ ፈረሰኛ ጦር መኮንን የነበረው አሌክሳንደር ቡላቶቪች ነው። ቡላቶቪች በ1896 ከሩሲያ የቀይ መስቀል ቡድን ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ ተጉዞ፣ በጎሬ ደጃዝማች ተሰማ ናደውን ጎብኝቶ፣ በ1897 መጀመሪያ ቡሬ ደረሰ። የጉዞውን ታሪክ «ከእንጦጦ እስከ ባሮ ወንዝ» በሚል ርእስ በዚያው ዓመት በሴንት ፒተርስበርግ አሳተመ። ስለ ቡሬ የጻፈው ጥቂት ቃል ነው፤ ቢሆንም ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ከባሮ ማዶ ያሉት ሕዝቦች የዝሆን ጥርስ፣ አንዳንድ ጊዜም ከብት እያመጡ በጌጥ፣ በዶቃና በጨርቅ የሚለውጡባት የልዋጭ ገበያ መሆኗን ይመሰክራል። ከዚህ ምስክርነት የምንረዳው ቡሬ የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከመቋቋሙ በፊት የንግድ ስፍራ እንደ ነበረች ነው። ይህም ማለት ገበያዋን የፈጠረው የእንግሊዝ መርከብ አይደለም ማለት ነው።

የቡላቶቪች መልካምነት ዓይኑ ነው፤ ጉድለቱም የመጽሐፉ አወቃቀር ነው። የመጽሐፉ የፊተኛው ክፍል ውሎ ማስታወሻ ነው፤ በዚህ ክፍል ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲገበያዩ፣ ሲጋጩና ሲደራደሩ ይታያሉ። ሁለተኛው ክፍል ግን ሕዝቡን በየነገዱ ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ የየራሱን ምዕራፍ ሰጥቶ፣ መልኩን፣ ልማዱንና እምነቱን ይዘረዝራል። (ኦሮሞን የሚጠራበት ስምም ዛሬ የተተወ ነው።) በዚህ አከፋፈል ምክንያት በውሎ ማስታወሻው ላይ የታየችው ቡሬ በሁለተኛው ክፍል ውስጥ መግቢያ ታጣለች። ገበያ የአንድ ነገድ ንብረት አይደለምና፣ ነገድን በነገድ ለይቶ በሚጽፍ መጽሐፍ ውስጥ ስፍራ ሊኖረው አይችልም። ደራሲው በዓይኑ ያየውን ነገር በአከፋፈሉ ሰረዘው ማለት ነው። ይህ ስሕተት በቡላቶቪች ብቻ ቢቀር ኖሮ ባላስቸገረ ነበር፤ ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የመጣው የሕዝብ ጥናት ሁሉ ማለት ይቻላል በዚሁ መንገድ ተጉዟል።

ሌላም መታየት የሚገባው ነገር አለ። ቡላቶቪች «ዶቃ» ብሎ ሲጽፍ ዕቃው ርካሽ መሆኑን አንባቢው እንዲያስብ ያደርጋል፤ የዝሆን ጥርስ ሰጥቶ ዶቃ የሚቀበል ሰው የተሞኘ ይመስላል። በአኙዋክ ዘንድ ግን ዶቃ ሁሉ ዶቃ ብቻ አይደለም። ዲሙይ የሚባለው ጥንታዊ ዶቃ ለሙሽራይቱ ቤተሰብ የሚሰጥ የጋብቻ ሀብት ነው፤ ያለ እርሱ ጋብቻ አይጸናም ነበር። በእርግጥ ከደጋው የሚወርደው የነጋዴ ዶቃ ሁሉ ዲሙይ ነበር ማለት አይደለም። ዳሩ ግን ዶቃ ትዳር በሚያቆምበት አገር ልዋጩን በአውሮፓ ገበያ ዋጋ መገመት ተገቢ አይሆንም። ቡላቶቪች የገበያውን አንድ ወገን ዋጋ ያውቅ ነበር፤ የሌላውን ወገን ዋጋ ግን አልጠየቀም።

የታችኛውን ወገን ዋጋ ጠይቆ የጻፈው እንግሊዛዊው የሕዝብ ጥናት ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ነው። ስለ አኙዋክ የፖለቲካ ሥርዐት ያዘጋጀው ጥናት በ1940 ታትሟል። ስለ መንደር አለቆችና ስለ መኳንንት ቤተሰብ የሰጠው ሐተታ እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠቀስ ነው። የመጽሐፉ ርእስ ግን የሚመራመረው የእንግሊዝና ግብፅ ሱዳን አኙዋኮችን መሆኑን ይናገራል። እንደሚታወቀው አኙዋክ በዛሬዋ ደቡብ ሱዳንም በኢትዮጵያም ወገን የሚኖር ሕዝብ ነው፤ ድንበሩም የተሰመረው በ1902 በተፈረመ ውል ነው። በቅኝ ግዛት አስተዳደር ሥር ያጠና ተመራማሪ ጥናቱን በአስተዳደሩ ወሰን ልክ ቆርጦ ቢያቀርብ አያስደንቅም። ውጤቱ ግን ይህ ሆነ፦ ደጋውን የሚያውቅ ጸሐፊ ቁልቁለቱ ዘንድ ይቆማል፤ ቆላውን የሚያውቅ ጸሐፊም ዳገቱ ዘንድ ይቆማል፤ ቡሬ በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ትቀራለች።

ይህ መለያየት ምን ያህል ጉዳት እንዳለው አንድ ነገር ብቻ ያሳያል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በዝሆን ጥርስ ልዋጭ የወረደው ጠመንጃ የአኙዋክ መኳንንትን ኀይል አጠነከረ፤ በ1912 እንግሊዞች በአኙዋክ ላይ የላኩት ጦርም ብርቱ ጉዳት ደረሰበት። ይህን ታሪክ ከታች ብቻ ለሚያነበው ሰው ጠመንጃው ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ከላይ ብቻ ለሚያነበውም የዝሆን ጥርሱ ከምንጩ ተለይቶ በነጋዴ መዝገብ ላይ የተጻፈ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። የሁለቱ መገናኛ ከደጋው ጫፍ ባሉት ገበያዎች ነበር።

ከተመራማሪዎች ወደ መንገድ መሪ መጻሕፍት ስንመለስ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ በ1938 በሚላኖ የታተመው የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ መሪ መጽሐፍ ከ600 ገጽ በላይ ያለው፣ በትጋት የተሠራ ሥራ ነው። አገሩን የሚገልጸው መንገድን ተከትሎ፣ ኪሎ ሜትር እየቆጠረ ነው። በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ የምትኖረው ከሌላ ከተማ ባላት ርቀት ብቻ ነው። ጎሬ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ፣ እስከ ኅዳር ወር 1936 ድረስ፣ በልዑል ራስ እምሩ የሚመራው የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ነበረች። ይህን ታሪክ በጉልህ ተጽፎ ለማግኘት ወራሪው ራሱ ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ተስፋ ማድረግ የዋህነት ነው። ይሁን እንጂ የኪሎ ሜትሩ ልማድ ከወራሪው ጋር አልወጣም፤ እስከ ዛሬ ድረስ የብዙ መሪ መጻሕፍት አጥንት ሆኖ ይኖራል።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ለውጭ አገር ጎብኚዎች የሚዘጋጁት መጻሕፍት፣ በተለይም ፊሊፕ ብሪግስ ከ1995 ጀምሮ በየጊዜው እያደሰ ያሳተመው፣ ለምዕራብ ኢትዮጵያ ስፍራ ሰጥተዋል፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። በመቱ አካባቢ የሚመሰገነው የሶር ፏፏቴ ነው። ከዚህም ጋር በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዩ የቡና ደን አለ፤ ቡና በዱር የሚበቅልበት ደን ስለ ሆነ ለዓለም ሁሉ ዋጋ ያለው ነው። ፏፏቴና ደን ማየት የሚጠላ የለም። ነገር ግን መጽሐፉ የሚመርጣቸው ነገሮች ሁሉ ባሉበት የሚቆሙ፣ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚመቹ ናቸው። ቡና በደኑ ውስጥ ይታያል፤ ከደኑ ወጥቶ በማን ትከሻ፣ በማን በቅሎ፣ በምን መንገድ ወደ ዓለም ገበያ እንደ ወረደ ግን አይታይም። ይህ የሚነገርበት ስፍራ ቢፈለግ ተገቢው የቡሬ መንገድ ነበር።

ይህን መንገድ ከሁሉ ይልቅ አጥርተው ያሳዩት ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ናቸው። በ1976 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍና በ1987 ስለ ጋምቤላ ንግድ ባሳተሙት ጥናት የምዕራቡን ንግድ ታሪክ በሰነድ አስደግፈው አስረድተዋል። የታሪኩ ጭብጥ የታወቀ ነው። ግንቦት 15 ቀን 1902 በተፈረመው ውል ዳግማዊ ምኒልክ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ በወንዙ በኩል ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማያልፍ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። በኋላ ግን ስፍራው ጋምቤላ ሆነ፤ ጣቢያውም በ1904 ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ወደ ካርቱም ይወርድ፣ አቡጀዲና ጨው ወደ ደጋው ይወጣ ጀመር።

በዚህ ንግድ ውስጥ አንድ ልዩ ችግር ነበረ። ባሮ መርከብ የሚሸከመው በክረምት ብቻ ነው፤ የደጋው መንገድ ለጭነት የሚመቸው ደግሞ በበጋ ነው። ስለዚህ በበጋ የወረደው ቡና ክረምት እስኪገባ ድረስ መቆየት ነበረበት፤ በክረምት የመጣው ጨውና ጨርቅም ጭቃው እስኪደርቅ መጠበቅ ነበረበት። መጠበቅ ማለት ደግሞ መጋዘን፣ ዘበኛ፣ ብድርና እምነት ማለት ነው። ቆላው የገንዲ ዝንብ አገር በመሆኑ የጭነት ከብት ጉዳዩ ብቻውን ሌላ ፈተና ነበር። ከተሞች የሚወለዱት እንዲህ ካለው መጠባበቅ ነው፤ የሚያስጠብቅ ነገር በሌለበት ነጋዴ ቤት አይሠራምና።

የፕሮፌሰር ባሕሩ ሥራ በራሱ ጥያቄ ሲመዘን የተሟላ ነው። ጥያቄው የንግዱ መጠን፣ የመንግሥታቱ ፉክክርና የነጋዴዎቹ ዕድል ነበር፤ ለዚህም መልስ ሰጥቷል። ነገር ግን ከርእሱ እንደሚታወቀው የጥናቱ ምሰሶ ጋምቤላ ነው፤ ከደጋው ጋር የሚያገናኙት ከተሞች በመንገድ ላይ ያሉ ማረፊያዎች ሆነው ይታያሉ። ለኢኮኖሚ ታሪክ ይህ በቂ ነው፤ ለሕዝብ ጥናት ግን በቂ አይሆንም። የሕዝብ ጥናት የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ጭነቱ የት ይራገፍ ነበር? ማን ያነሣው ነበር? ሚዛኑ የማን ነበር? በገበያው ቀን ምን ቋንቋ ይነገር ነበር? የአኙዋክ ነጋዴ ሲያድር በማን ቤት ያድር ነበር? የደጋው ሰውስ ወደ ቆላ ሲወርድ ማን ይቀበለው ነበር? ጠላና አረቄ የምትሸጠው ሴት ለእነዚህ ሁሉ እንግዶች ምን ነበረች? የቡሬን እውነተኛ መስሕብ የሚሠሩት እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚቀርብ ተቃውሞ አለ፤ ችላ የሚባልም አይደለም። የከተማው ሰው የሚፈልገው የጎብኚ ገንዘብ ነው፤ ጎብኚም የሚከፍለው ለሚያየው ነገር እንጂ ለሚሰማው ታሪክ አይደለም፤ ስለዚህ ፏፏቴውን ማስታወቅ ይሻላል የሚሉ አሉ። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ፏፏቴው መታወቅ ይገባዋል። ነገር ግን ፏፏቴ የሌላት ከተማ ምን ታድርግ? የሚታይ ነገር የግድ አስፈላጊ ነው ከተባለ፣ የሌላት ከተማ አንድ ቀን መፍጠር ትጀምራለች፤ አንድ ድንጋይ ተመርጦ የንጉሥ ዙፋን ይባላል፤ አንድ ዛፍ ተመርጦ ዕድሜው ሺህ ዓመት ይደረጋል። ይህ ዓይነቱ ታሪክ ለጊዜው ጎብኚ ቢያመጣም ከትውልድ በኋላ ተመራማሪውን ያስታል፤ የአገሩንም ልጅ ከእውነተኛ ታሪኩ ይለየዋል።

ደግሞም መንገድ ራሱ የሚታይ ነገር ነው። ከመቱ የተነሣ ጎብኚ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎሬ ሲደርስ በተራራ ላይ የተቆረቆረ የአስተዳደር ከተማ ያያል፤ ራስ ተሰማ የገዙበት፣ የእንግሊዝ ቆንስል የተቀመጠበት፣ የ1936ቱ መንግሥት የተጠለለበት ስፍራ ነው። ከዚያ ወደ ቡሬ ሲሄድ ግዛት ወደ ንግድ ሲለወጥ ያያል። ከቡሬ ሲወርድ ደግሞ አየሩ ይሞቃል፤ የቡናው ጥላ ይቀራል፤ ረዥም ሣር ይጀምራል፤ ወደ ባሮ ሜዳ ይደርሳል። ይህን መንገድ በአንድ ቀን የሚያልፍ ሰው፣ የሚነግረው ቢያገኝ፣ በ1898 የደጃዝማች ተሰማ ጦር ከደጋው ወርዶ እስከ ነጭ ዓባይ ዳር የደረሰው እንዴት ያለ ቁልቁለት ወርዶ እንደ ሆነ በእግሩ ይረዳዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሕንፃ አይደለም፤ መንገዱን የሚያውቅ፣ የሁለቱንም አገር ቋንቋ የሚናገር መሪ ነው። እንዲህ ያለ መሪ መሆን ደግሞ ለከተማው ወጣት እንጀራ ነው።

የጉዳዩ አስቸኳይነት የሚታየው ግን በጎብኚዎች በኩል አይደለም። የሱዳን አስተዳደር ጋምቤላን ለኢትዮጵያ ያስረከበው በ1956 ነው። በዚያ ዓመት ሃያ ዓመት የሆነው፣ ጭነት ተሸክሞ ወይም በቅሎ ነድቶ ወደ ጋምቤላ የወረደ ሰው በሕይወት ቢኖር ዛሬ ወደ ዘጠና ዓመት ይጠጋል። የቆንስሎች ደብዳቤ በለንደንና በካርቱም መዛግብት ተጠብቆ ይኖራል፤ መቶ ዓመት ቢቆይም ይነበባል። የተሸካሚው ቃል ግን መዝገብ የለውም፤ ባለቤቱ ሲያርፍ አብሮት ያርፋል። ስለ ቡሬ በተጻፉት መጻሕፍት ላይ የሚቀርበው ትልቁ ወቀሳ እንግዲህ ስሕተት ጻፉ የሚል አይደለም፤ ይህን ቃል መጠየቅ ለሌላ ሰው ትተው መሄዳቸው ነው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ሌላ እንቅፋት ተጨምሯል። ቡሬ በኦሮሚያ ክልል ዳር፣ ከጋምቤላ ክልል አጠገብ ትገኛለች። የክልል አስተዳደር የየሕዝቡን ቋንቋና ባህል በየክልሉ እንዲጠና አድርጓል፤ ይህም ቀድሞ የተናቁትን ቋንቋዎች አክብሯል። ነገር ግን ጥናትም በጀትም በክልል ወሰን ሲቆረጥ፣ የሁለቱ ሕዝቦች የጋራ የሆነ ነገር ባለቤት ያጣል። የኦሮሞን ባህል የሚያጠናው ቁልቁለቱ ዘንድ ይቆማል፤ የአኙዋክን የሚያጠናውም ዳገቱ ዘንድ። ቡላቶቪች በምዕራፍ፣ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በቅኝ ግዛት ወሰን የለዩትን እኛ በክልል ካርታ ደግመን እንዳንለየው መጠንቀቅ ይገባል። የገበያ ወዳጅነት ሁልጊዜ ሰላም ነበር ማለት አይደለም፤ ባርነትና ዘረፋም በዚያው መንገድ ወጥተዋል፣ ወርደዋል። ይህም ቢሆን በአንድ ወገን ምስክር ብቻ ሊጻፍ የማይገባው ታሪክ ነው።

ስለዚህ በቡሬ ላይ የሚጻፈው ቀጣዩ መጽሐፍ፣ ለጎብኚም ሆነ ለተመራማሪ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚጽፈው ሊሆን አይችልም። ኦሮምኛ የሚያውቅና አኙዋክኛ የሚያውቅ ተማሪ አብረው መሄድ፣ አንዱ በቡሬ ገበያ የሰማውን ሌላው በባሮ ዳር መጠየቅ፣ ሁለቱም የቃል ምስክርነቱን ከሰነዱ ጋር ማስተያየት አለባቸው። ሥራው ሰፊ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ጥቂት ወራት፣ ድምፅ መቅጃ መሣሪያና የሽማግሌዎች ፈቃድ ይበቁታል። የገበያ ሥርዐት፣ የሚዛን ስሞች፣ የማደሪያ ቤቶች፣ የመንገዱ ምንጮችና ማረፊያዎች በዚህ ዓይነት ከተመዘገቡ፣ መንገድ መሪ መጽሐፍ የሚጽፈውም ሰው ከኪሎ ሜትር ቁጥር ሌላ የሚጽፈው ያገኛል። በዚያን ጊዜ ጎብኚው ቡሬ ደርሶ «የሚታይ ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የከተማው ልጅ ወደ ቁልቁለቱ እየጠቆመ መልስ መስጠት ይችላል።